ማህተም የሌለው ወረቀት

የዓለምዘርፍ ቀናች። ሰው ቢጠይቃት «እኔ? በምን?» ትል ነበር እንጂ፣ ያቺ የአዲስ አበባ ልጅ ሚዛን ተፈሪ መግባቷን ከሰማች ጀምሮ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ ብሏት ነበር። እኔ ነገሯን ሳልሸፋፍን ነው የምነግራችሁ፤ ስለምወዳት ደግሞ ቶሎ እንዳትፈርዱባት እለምናችኋለሁ።

የዓለምዘርፍ እዚያው ሚዛን ተፈሪ ገበያው ዳር የእንስሳት መድኃኒት ቤት አላት። ከፈለኝ ቴፒ አጠገብ ያለ የቡና እርሻ ተቆጣጣሪ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣ ለእርሻው በቅሎዎች መድኃኒት ይገዛል። እርሻው ያለው ሁለት በቅሎ ብቻ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ሁለቱም ግን ትንፍሽ አላሉም።

መድኃኒቱን ይቀበላል፣ ወንበር ስባ ትሰጠዋለች፣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ያወራሉ። የመጨረሻው መኪና ሊሄድ ሲል ይነሳና በሩ ላይ ዞር ብሎ ያያታል። እሷ ሳምንቱን የምትገፋው በዚያች እይታ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የቡና ለቀማው በተጀመረበት ሰሞን፣ ከፈለኝ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ሳራ የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታለች» አላት። «ወንድሟ ቤት ነው ያረፈችው። ሦስት የጀርመን ሼፐርድ ቡችሎች ይዛለች፤ የዘር ምዝገባ ወረቀት አላቸው። መቼም ማድረቂያ አልጋው ላይ ያሰጣነውን ቡና ሌባ እየጨረሰብን ነው፣ አንዱን ልገዛ ነው። ትናንት ሄጄ አየኋቸው።»

«ትናንት?»

«አዎ። ልጅቷ ስለ ውሻ ስታወራ ብትሰሚያት፣ ሰዓቱ መሄዱን አታውቂውም።»

ትናንት አርብ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈለኝ ከቅዳሜ በቀር መምጣት የማይችል ሰው ነበር። ሥራ ይበዛል፣ መኪና የለም፣ አለቃው አይለቀውም። ለካ ለሌላ ሴት ሲሆን አርብም መኪና አለ። የዓለምዘርፍ የያዘችውን የመድኃኒት ካርቶን ያለቦታው አስቀመጠችው።

«አንቺ አዲስ አበባ የውሻ ክሊኒክ ሠርተሻል» አላት። «ወረቀቱን እይልኝና አንቺ ግዛ ካልሽኝ እገዛለሁ።»

በባጃጅ ሄዱ። ሳራ ገና ከበሩ «ከፌ» ብላ ተቀበለችው። ከፌ። የዓለምዘርፍ በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስሙን አሳጥራ ጠርታው አታውቅም። ያሳፍራት ነበር። ይቺ ግን በሁለተኛ ቀኗ ከፌ አለችው፣ እሱም አቤት አለ። ቆንጆ ደግሞ ናት። እንዳትጠላት የሚያደርግ ሳቅ አላት፤ የዓለምዘርፍን ያናደዳት ይኸው ነው።

«ያንተው ልጅ ትናንት ከሄድክ በኋላ አኩርፎ ዋለ» አለችና ትልቁን ቡችላ አቀፈችለት። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋች። «ይሄ አባቱ፣ ይቺ እናቱ፣ ከነመዝገብ ቁጥራቸው። እዚህ ጋ አያቶቹ አሉ። ስትገዛው ጀርባው ላይ እኔም አንተም እንፈርማለን፤ ውጭ ላለው መዝጋቢ ማኅበር ስንልከው ውሻው በስምህ ይዛወራል።»

«ጤናማ ነው ማለት ነው?» አለ ከፈለኝ።

«ወረቀቱ ከማን እንደተወለደ ነው የሚናገረው። ጤናውን ሐኪም ነው የሚያየው» አለች ሳራ፣ ወደ የዓለምዘርፍ እየተመለከተች።

የማታውቅ አስመሳይ ብትሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባላት! ሳራ ግን ታውቃለች። የዓለምዘርፍ የቡችላውን ጆሮ ገልበጥ አድርጋ የተነቀሰውን ቁጥር አነበበች። ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው፤ አንድ ነው። ደግማ አየችው፣ አሁንም አንድ ነው። ጥርሱም ከተጻፈው የልደት ቀን ጋር ይሄዳል። እንከን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች።

ቀና ስትል ሁለቱ ቡችላው ላይ ጎንበስ ብለዋል፣ ትከሻ ለትከሻ። ከፈለኝ እየሳቀ ነው። ያን ሳቅ የዓለምዘርፍ የራሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ወረቀቱን አጠፈችና «ማህተም የለውም» አለች።

እንግዲህ እኛ አገር ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ከቀበሌ መታወቂያ ጀምሮ ክብ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ከፈለኝ ወዲያው ፊቱ ተለወጠ።

«እነሱ ማህተም አይመቱም» አለች ሳራ። «ቁጥሩ ነው ዋናው፣ ጽፎ መጠየቅ ይቻላል።»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለች የዓለምዘርፍ።

እውነቷን ነው፤ ማህተም የለውም። ክሊኒኩ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት በእጇ ያለፈው ስንቴ ነው፤ አንዱም ማህተም ኖሮት አያውቅም። ያንን ዋጠችው።

ሲመለሱ ከፈለኝ «አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆኜ ነበር» አላት። ደስ አላት። አልዋሻችሁም፣ በጣም ደስ አላት። እሱ ግን ዝም ብሎ አልሄደም፤ ሌሎቹን ሁለት ቡችሎች ለመግዛት ቃል የገቡትን ምግብ ቤት ያላቸውን ወይዘሮ ጥሩነሽንና ቡና ነጋዴውን ሻሚልን አስጠነቀቃቸው። ሰኞ ገበያው በሙሉ ሳራ በሐሰተኛ ወረቀት ውሻ እንደምትሸጥ ያወራ ጀመር።

ማክሰኞ ጠዋት ሳራ ራሷ ለቡችሎቹ የትል መድኃኒት ልትገዛ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«መንገድ ላይ አጭበርባሪ ይሉኛል» አለች። «ወንድሜ በእኔ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። እህቴ፣ አንቺ ሙያው አለሽ። በእውነት እንዲህ ያለ ወረቀት አይተሽ አታውቂም?»

የዓለምዘርፍ መድኃኒቱን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የሌላው ሰው ይቅር» አለች ሳራ። «ከፈለኝ ግን አጭበርባሪ ናት ብሎ እንዲያስብ አልፈልግም። ደስ ይለኛል፣ ጥሩ ልጅ ነው።»

ይኸው የፈራችው ነገር መጣ። እውነቱን ካወጣች ከፈለኝን በገዛ እጇ ወስዳ ለዚች ልጅ መስጠቷ ነው። ዝም ካለች ደግሞ ሳራ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ቅዳሜም እንደ ድሮው ቅዳሜ ይሆናል። ግን ከእንግዲህ እሱ ዞር ብሎ ሲያያት የምታየው የሳራን የቀላ ዓይን እንደሆነ ገባት።

«አይቼ አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ወረቀትሽ ትክክል ነው። ቁጥሩም ይመሳሰላል።»

«ታዲያ ለምን?»

«ቀንቼ ነው።»

ሳራ አልሰደበቻትም፣ ይቅርም አላለቻትም። «በገዛ አፍሽ ንገሪልኝ» አለች። «ለሦስቱም። ከዚያ፣ ቤት ድረስ መጥተሽ ንገሪኝ።» መድኃኒቱን ሳትወስድ ወጣች።

ከፈለኝ ተደውሎለት ረቡዕ መጣ። የዓለምዘርፍ ቆማ ነገረችው፣ ምንም ሳታስቀር። ያቺ አርብ እንዳስቀናቻትም ነገረችው። እሱ ሁሌ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«አንቺን አምኜ የሰው ልጅ አዋረድኩ» አለ።

«አውቃለሁ።»

ተነሳ። መሄዱ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ነይ እንሂድ» አለ። «ወሬውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ብቻሽን አትሄጂም።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሰምተው ሲጨርሱ «ለምን እንዲህ አደረግሽ ልጄ?» አሉ።

«ቀንቼ ነው እትዬ» አለች። ሴትዮዋ በማን ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን የሚያየውን ከፈለኝን ሲያዩ ተዉት። የዓለምዘርፍ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ወደ ሻሚል መጋዘን ሲሄዱ ከፈለኝ ሁለት እርምጃ ቀድሟት ይራመዳል። እሷ ደግሞ ይህን ጨርሰን እንለያያለን ብላ ቆርጣ፣ ጀርባውን እያየች ትከተለዋለች።

«ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ጋሽ ሻሚል» አለች። «እንዲህ ያለው ማህተም አይመታበትም። የጆሮው ቁጥርና የወረቀቱ አንድ መሆኑን ራሴ አይቻለሁ።»

ሻሚል ከጆንያዎቹ መሃል ቀና አለ። «ካየሽ ታዲያ ያኔ ለምን ሳትናገሪ ቀረሽ?»

ያንኑ ቃል ሁለተኛ ልትለው ሞከረች። እንባዋ ቀደማት።

«ስለምትወደኝ ነው፣ ጋሽ ሻሚል» አለ ከፈለኝ ከበሩ። «እኔም እወዳታለሁ። ሦስት ዓመት ሳልነግራት ቆየሁ፣ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።»

የዓለምዘርፍ ዞራ አየችው። ፊቱ አሁንም የተቆጣ ሰው ፊት ነው።

«ይቅር አላልከኝም» አለችው።

«ገና ነው» አለ። «አርብ አለቃዬ ለውሻው ብሎ ነው የላከኝ፤ እየሄድን እንታረቃለን። ነይ፣ ሳራ እየጠበቀችን ነው።»

የሳራን ስም ከአፉ ስትሰማ ቅናቱ እንደገና ተነሳባት። ቢሆንም ሻሚልና ሠራተኞቹ እያዩ እጁን ያዘችና አብራው ወጣች።