ሁሉም የሚገባበት ስም

በዮርዳኖሷ ኢርቢድ ከተማ የሳንባ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሐጂ ሙፍሊህን ያውቀዋል። ቤታቸው ለተኙ በሽተኞች የኦክስጅን ሲሊንደር የሚያደርሰው የእሱ ድርጅት ነው። ሠራተኞቹ በሙሉ ዘመዶቹ ናቸው፤ ሾፌሩ ናዬፍም የሚስቱ የአክስት ልጅ ነው። የቢሮዋን አንዲት ኮምፒውተር ሁሉም የሚከፍቷት በሐጂ ስምና በሐጂ የይለፍ ቃል ነበር። ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ዘንድሮ የድርጅቱ መረጃ ከዚያች ኮምፒውተር ወጥቶ፣ ከየትም በኢንተርኔት ወደሚከፈት ክላውድ እንዲዛወር ተወሰነ። ሥራውን የያዘችው ባለሙያ ሩደይና ገና ከመጀመሪያው ከሐጂ ጋር ተቃቃረች።

«ሐጂ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠው። እስከ ዛሬ የቢሮው በር ይጠብቅዎት ነበር። ከእንግዲህ ማንም ቤቱ ተኝቶ በስልኩ ይገባል።»

«የወንድሜን ልጅ ሌባ ነህ ልበለው? አንቺማ እናትሽንም ሳትፈትሺ አታሳልፊም!»

ዘመዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሩደይና ፊቷ ቀላ።

«እሺ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ይኑርዎት። እሱም ካልሆነ አሮጌዋን ኮምፒውተር ለጥቂት ወራት አያስወግዷት።»

«በቃሽ! ሥራ ለማራዘም ነው ይሄ ሁሉ ወሬ።»

መረጃው ከዚያው አንድ ስምና የይለፍ ቃል ጋር እንደተዛወረ ሐጂ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ የሚያልፈውን ቆራሌ ጠርቶ፣ ሩደይና እያየች ኮምፒውተሯን አስጫናት። እልህ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ብዙም ሳይቆይ ናዬፍ ከሐጂ ልጅ ጋር ተደባድቦ ተባረረ። የይለፍ ቃሉን ልለውጥ ያለ ሰው አልነበረም። ከዚያ አንድ ማለዳ የበሽተኞቹ አድራሻ በሙሉ ተደምስሶ ተገኘ። ሾፌሮቹ የሚያስታውሱት ቤት ሁሉ ሲሊንደር አደረሱ። በቅርቡ ቤት የቀየሩትን የበሽተኛዋን የኡም ሂሻምን አዲስ አድራሻ ግን ማንም አላስታወሰም። ልጃቸው ሂሻም ደጋግሞ ቢደውልም መስመሩ በሌሎች ጥሪ ተጨናንቆ ነበር። ሴትዮዋ ሆስፒታል ሳይደርሱ ትንፋሻቸው ቆመ።

ሐጂ ሩደይናን አስጠርቶ ጮኸባት። «ናዬፍ ነው! ማስረጃውን አውጪልኝና ፖሊስ ያንጠልጥለው!»

«ማን እንዳጠፋው ተመዝግቧል፤ ራስዎ ያንብቡት።»

መዝገቡ «ሙፍሊህ» ይላል።

«እኔ ተኝቼ ነበር!»

«ክላውዱ ይህን በምን ይወቅ? ናዬፍም ይሁን ልጅዎ፣ እዚህ የሚገባው ሁሉ እርስዎን ሆኖ ነው።»

ሐጂ ሽማግሌዎች ይዞ ለይቅርታ ወደ ሂሻም ቤት ሄደ። ቡና ሲቀዳለት እንደ ደንቡ ልመናው እስኪሰማለት ሳይቀምስ ሲኒውን ፊቱ አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለው ሂሻም፣ ሽበቱን ሳያከብር። «የእናቴን አድራሻ ማን አጠፋው?»

የናዬፍ ስም አፉ ላይ መጣ። ግን በምን ያስረዳል?

«የኔ ስም ነው ያጠፋው» አለ ሐጂ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው ቡናህ ይቀዝቅዝ።» ሂሻም ተነሥቶ ወጣ።

ሐጂ ቢሮው ሲመለስ ወረቀቱን ከግድግዳው ቦጭቆ ጣለው። «ለሁሉም የየራሱን ስጪ» አላት ሩደይናን፤ «ከእኔ ጀምሪ።» እሷም አላጽናናችውም፤ ሥራዋን ሠርታ ወጣች።

ወገኖቼ፣ መረጃችሁን ወደ ክላውድ ስታዛውሩ አሮጌውን ዝርክርክነት አብራችሁ አታዛውሩ። ዘመድን ማመን መልካም ነው፤ ዘመድን ሁሉ በአንድ ስም ማስገባት ግን ጥፋተኛውን መሸሸግ ነው። የኡም ሂሻምን አድራሻ የደመሰሰው እጅ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።