ጥቁሩ ማዳመጫ

አናጺው ከላይኛው የጣውላ ማከማቻ ወድቆ የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት ሰዎች ባሉበት ግቢ ነው። ሦስቱም ምንም አልሰማንም ይላሉ።

መርማሪዋ አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። የያዘችውን ነገር ሳትወጋ ስለማትለቅ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ሟቹ ጆሮው ላይ ጩኸት የሚያፍን ገመድ አልባ ማዳመጫ አድርጓል፤ ጥቁር ነው። ፊቱና አንገቱ በቀይ የእንጨት ብናኝ ተለውሷል።

«ሚስቱ ናት!» አለች የሟቹ ታላቅ እህት ደረቷን እየደቃች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የእንጨት ሥራ ቤቱንም ሽያጭ የምትይዘው እሷ። «ለልደቱ እኔ ጥቁሩን፣ እሷ ነጩን ገዛንለት። ትናንት ‹ያንቺን መርጫለሁ› አለኝ። ይኸው፣ የኔን እንዳደረገ! ቅናት ነው ያስገፈተራት!»

ፖሊሱ የሚስትየዋን ክንድ ይዟል። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ የመርማሪዋን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው።

«ትናንት ከባልሽ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለቻት መርማሪዋ።

«አልክድም። ‹አንዱን ምረጥ› አልኩት። የእትዬ ሸሚዝ፣ የእትዬ ጫማ... ጆሮው እንኳ ለኔ ይቅርልኝ ብዬ ነው። ቀናተኛ ነኝ፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አይደለሁም።»

«ምን መረጠ?»

«የኔን። ነጩን።»

«ታዲያ ያንቺን ከመረጠ ምን አጣላችሁ?»

ሚስትየዋ አንገቷን ደፋች። «እሱ የባልና የሚስት ነገር ነው።»

እህትየዋ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለችና የጎሪጥ አየቻት። መርማሪዋ ግን ቅናቱን በገዛ አፉ የሚናገር ተጠርጣሪ ብዙም አላጋጠማትም፤ ነገሩ ከነከናት።

ሦስተኛው ቀለም ቀቢው ነው። «እኔ የቀለም መርጫው እያጓራብኝ ምን ልስማ?» አለ። «አለቃዬ በሁለቱ መሃል ፍዳውን ነበር የሚያየው። እህቱ ስትመጣ ጥቁሩን፣ ሚስቱ ስትመጣ ነጩን! ባለ ሁለት ጎጆ እንኳ እንዲህ አይለፋም።»

«ይህን ቀይ እንጨት መቼ ጀመራችሁት?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የመጣ። አለቃ ራሱ ሲቆርጠው ነበር።»

መርማሪዋ ወደ እህትየዋ ዞረች። «ጥቁሩን ከሰጡት በኋላ እርስዎ ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ! የሱ ዕቃ ነው።»

መርማሪዋ ጥቁሩን ማዳመጫ ከሟቹ ራስ ላይ በቀስታ አወለቀችና የጆሮውን ዙሪያ መረመረች። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተች። ነጩ ማዳመጫ በማኅደሩ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ተወልውሏል፤ የስፌቱን መሃል በጥፍሯ ስትጭረው ግን ቀይ ብናኝ ወጣ።

ሁሉንም በሽያጭ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ዛሬ ሲሠራ ብናኙ ፊቱን ሁሉ ሸፍኖታል» አለች። «ያልነካው በጆሮው ዙሪያ ያለውን ብቻ ነው፤ ልክ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብ ሆኖ ንጹሕ ቀርቷል። ጥቁሩ ግን ሞላላና ትንሽ ነው፤ ያን ክብ አይሸፍንም። ነጩን ብንለካው ልክክ ይላል።»

«እና?» አለ ፖሊሱ።

«እናማ፣ ሲሠራ የነበረው ነጩን አድርጎ ነው። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ነጩን አውልቆ ጥቁሩን አደረገለት። ሚስት ብትገድለው የራሷን አውልቃ የባላንጣዋን ታደርግለታለች? ቀቢውስ የማን ማዳመጫ ቢሆን ምን ቸገረው?»

«የሰው ስም በብናኝ ታጠፊያለሽ!» አለች እህትየዋ።

«ይህ ዕቃ ሲበራ በመጨረሻ ከተገናኘው ስልክ ጋር ነው የሚገናኘው።» መርማሪዋ ጥቁሩን አብርታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ቀቢው፣ እስቲ ለእትዬ ደውልላቸው።»

ቀቢው ደወለ። መርማሪዋ ማዳመጫውን አውልቃ ለፖሊሱ ሰጠችው። አዳምጦ ዓይኑ ፈጠጠ።

«የእርስዎ ስልክ ነው የሚጠራው፣ እትዬ» አለች መርማሪዋ። « አልነካሁትም ብለውኝ ነበር።»

እህትየዋ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«ጥቁሩን ጠዋት ይዞልኝ መጣ» አለች። «የሷን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ‹ይሄን አንቺ አድርጊው› አለኝ። እኔን! አዝዬ ያሳደግሁትን! ብቻዬን ከስልኬ ጋር አገናኝቼ አድርጌው አለቀስኩ። ከዚያ ጣውላ ሊያወርድ ሲወጣ ተከተልኩት። ጠራሁት፤ ደጋግሜ ጠራሁት። የሷን አድርጎ እንዴት ይስማኝ? አንጀቴ ቅጥል አለና ገፋሁት። ሞቶም ቢሆን የሷን አድርጎ እንዲገኝ አልፈለግሁም።»

ፖሊሱ የሚስትየዋን ክንድ ለቀቀ። እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

«እትዬ፣ ትናንት ለምን እንደተጣላን ልንገርሽ?» አለች። «‹እህቴ መጋዙ አጠገብ ተቀምጣ ራሷን ሲያማት ነው የምትውለው። ጩኸት በማፈን የሚበልጠው ጥቁሩ ነው፤ እሱን ለሷ ሰጥቼ እኔ ባንቺው እሠራለሁ› አለኝ። የተሻለውን ላንቺ በመምረጡ ነው የቀናሁት።»

እህትየዋ በሁለት እጆቿ ጆሮዋን ደፈነች።