ከገበሩ ጀርባ ያለችው ድመት

ይሄን ታሪክ አላምንም የሚል ሰው አይፈረድበትም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም "ወሬኛ" ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔው ቤት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ጨለማ የለ፣ ነጎድጓድ የለ... ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የስፌት መኪናዬ ላይ ተኝታለች። መብራት እንኳ አልጠፋም። ፍርሃት ሲመሽ ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ማን ነው?

ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊት ክፍሉ መሥሪያዬ ነው፤ ጓዳው የእናቴ። እማዬን የመርሳት በሽታ ይዟታል። ሙያውን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ዛሬ መርፌና ማንኪያ ተምታቶባታል።

መሥሪያዬ ውስጥ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት አለ። እማዬ ፊቱ ትቆምና "ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ይገትርሻል?" ትላለች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አልገባ ስትላት ትቆጣለች።

ከዚያ ትፈራለች።

ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ መከረችኝ።

"መስታወቱን ሸፍኚው። ከኋላዋ አትምጪባት፤ ፊት ለፊቷ ቁጭ በይና ማን እንደሆንሽ ንገሪያት። የምድጃውን መክፈቻ ደብቂ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ስዕል ለጥፊላት። የሌለ ነገር አየሁ ካለችሽ አትከራከሪያት፤ 'እስቲ ንገሪኝ' በያት።"

"እሺ ሲስተር።"

"ደግሞ በር አትቆልፊባት። ምክንያቱን ትረሳዋለች፤ ፍርሃቱ ግን አይረሳትም።"

"ምን ቆርጦኝ!"

ሁሉንም አደረግኩ። መስታወቱን ከልብስ ውስጥ በሚሰፋ ጥቁር የገበር ጨርቅ ሸፈንኩት። የሽንት ቤቱን ስዕልም ሣልኩ። ስዕል ስለማልችል የስብሰባ ወንበር መሰለ፤ እማዬ ግን ገባት።

በሩን ግን...

ቆለፍኩባት።

አፈርኩባታ! አንድ ቀን ቀሚስ ሳትለብስ ወጣችና ደንበኛዬን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "ለዚህ ሆድማ ሁለት ሜትር ጨርቅ አይበቃም" አለቻት። ልኩን አልሳተችም። ደንበኛዋ ግን በዚያው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያንኳኳ እማዬን ጓዳ አስገብቼ ቁልፉን አዞራለሁ። 'ለትንሽ ጊዜ ነው' እላለሁ። ለማን እንደምለው እንጃ።

እማዬም ከእጄ መብላት አቆመች።

ከሲስተር እጅ ትበላለች። የእኔ ማንኪያ ሲቀርብ ግን ከንፈሯን ትገጥማለች። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ይወድቅ ጀመር። "በዚህ ከቀጠለች አንቺ ጋ አትቆይም፤ ሆስፒታል ነው" አለችኝ ሲስተር።

የዚያን ቀን አንዲት አስተማሪ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። እማዬን ቆለፍኩባት። ለአስተማሪዋ የመስታወቱን ገበር ገለጥኩላት።

ክርር... ክርር...

ከጓዳው በር ነው። ጥፍር።

"ምንድነው እሱ?"

"ድመት ናት" አልኩ፣ ስፒል በከንፈሬ እንደያዝኩ።

ክርር...

"ልጄ... ልጄ..."

አስተማሪዋ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"ድመትሽ 'ልጄ' ትላለች እንዴ?"

ስፒሉን ከአፌ አወጣሁ። ቀሚሷን ሳትረከበኝ፣ ደህና ዋይም ሳትለኝ ሄደች።

ገበሩን መለስኩ። የልብስ መለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። ፊቴን ታጠብኩ። ሾርባ ይዤ ጓዳውን ከፈትኩ።

እማዬ አልጋውና ግድግዳው መሃል ተሸጉጣለች። ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። ልጅሽ።"

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ሄደች?"

"ማን?"

"ቀስ በይ! ትሰማሻለች..."

'ማንም የለም' ልል ስል የሲስተር ምክር ትዝ አለኝ።

"እስቲ ንገሪኝ። ምን ትመስላለች?"

"አንገቷ ላይ... ቢጫ ነገር ተጠምጥሞባታል።"

መስኮቱን አየሁ። ዝግ ነው። አልጋው ሥር አየሁ። ጫማዋ ብቻ።

"ምን ታደርግሻለች?"

"ትቆልፍብኛለች።"

"ከዚያስ?"

"ድመት ናት ትላለች።"

ሾርባው እጄ ላይ ፈሰሰ። አቃጠለኝ።

ያቺን ሴትዮ አልጋ ሥር ስፈልጋት ነበር እኮ!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ እንዳልላት፣ ስለ ምኑ እንደሆነ አይገባትም። ቁልፉን ከበሩ ነቅዬ፣ እያየችኝ፣ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ጎረቤት ጣሪያ ወረወርኩት።

"ሄዳለች እማዬ። ሁለተኛ አትመጣም።"

እጇን ይዤ ብርሃኑ ወዳለበት ወደ መሥሪያ ክፍሉ አወጣኋት። ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት። የተረፈውን ሾርባ በማንኪያ አቀረብኩላት...

ዋጠች።

ደገምኩላት። ዋጠች። እንባዬ መጣ።

ሦስተኛውን ሳቀርብ አፏ ተዘጋ። ዓይኖቿ በትከሻዬ ላይ አልፈው ሄዱ።

"ዋሸሽኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ዋሸሁሽ?"

ክርር...

የጓዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማዬ ፊት ለፊቴ ናት። ሁለቱም እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።

ክርር... ክርር...

ከገበሩ ጀርባ ነው። መስታወቱ ላይ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። የማውቀው ድምፅ... የራሴ።

"እማዬ... እማዬ..."

ለመነሳት ስሞክር እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ለደንበኛ በምናገርበት በዚያው በተረጋጋ ድምፅ፦

"ድመት ናት" አለችኝ። "አትክፈቺላት።"

አንገቴን ዳሰስኩ። ባዶ ነው።

መሳቢያውን አየሁ። የዘጋሁት መሳቢያ ተከፍቷል።

እማዬ ለሦስተኛው ማንኪያ አፏን ከፈተች።

ከገበሩ ሥር ደግሞ... የሜትሬ ቢጫ ጫፍ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ... ቀስ እያለ... ወደ መስታወቱ ውስጥ ይሳብ ነበር።