የሲስተር ትበርህ የስኳር እሽጎች

ሲስተር ትበርህ የመስታወት ስሪንጁን ከፈላው ውሃ አውጥታ ነጭ ጨርቅ ላይ ስታጋድመው የግቢዋ በር ተንኳኳ። ወንድሟን አብዮት ጥበቃ የወሰደው በዚሁ በር ነበር፣ ባዶ እግሩን። ከዚያ ወዲህ በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ የምትፈልገው ጫማዋን ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሐዱሽ ነበር። ከኋላው አንድ አጭር የፖሊስ መኮንን ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ታካሚሽ ግርማይ ሞተ» አለ ሐዱሽ። «የቀበሌው ስብሰባ ላይ እንዳለ። ጠዋት እዚህ መርፌ ተወግቶ ነው የመጣው። መቶ አለቃ ኤርሳዶ እስከ ማታ መልስ ካላገኘ አንቺን ጥበቃ ይወስድሻል።»

«እኔ አልወጋሁትም። ዛሬ ራሱን በራሱ ወጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። መጠኑን እኔም አብረውት የሚማሩት በሽተኞችም አይተናል።»

ኤርሳዶ በረንዳው ላይ በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቃት።

«ምን ነበር የሚያስተምሯቸው?»

«ራሳቸውን መጠበቅ። የስኳር በሽተኛ የሚኖረው ቤቱ እንጂ ሐኪም ቤት አይደለም። መድኃኒቱን ለክቶ ይወጋል፣ ከወጋ በኋላ ይበላል። ምግብ ከዘገየ የደሙ ስኳር ይወርድና ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ኪሱ ያለውን ስኳር ይቅማል።»

«ስኳሩን ማን ይሰጣል?»

«እኔ። ከራሽኔ ላይ፣ ለእያንዳንዱ አንድ እሽግ።»

ሳጥኗን ከፈተች። በአሮጌ ጋዜጣ የታሸጉት ስኳሮች እንደ ፋርማሲ ዱቄት መድኃኒት ጠፍጣፋ ሆነው ተደርድረዋል። ኤርሳዶ ከሟቹ እጅ ውስጥ የተገኘውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ያልተቃመ ነጭ ዱቄት ተርፎበታል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ጠዋት የፈሰሰ ስኳር ጉንዳኖች ከበውት ነበር፤ ወረቀቱን አጠገባቸው አኖረና ጠበቀ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጉንዳኖቹ ወደ ወረቀቱ መጡ፣ ዱቄቱን ዞረው ሄዱ።

ትበርህ በጣቷ ጫፍ ቀመሰችና ተቀመጠች።

«ሳካሪን ነው። እንክብሉ ተፈጭቶ። ሻይ ያጣፍጣል እንጂ ስኳር የለውም። ለሚንቀጠቀጥ ሰው ባዶ ወረቀት ማለት ነው።»

«ማን አለው?»

«ሁላችንም። ከታካሚዎቼ አንዱ፣ ባለሱቁ ጋሽ ላጲሶ ከውጭ አስመጥተው አድለውናል። የኔ አልቋል።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አስመረት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ከለቀስተኞቹ ተለይታ ኤርሳዶን በቤቷ አነጋገረችው። የቤቷ የሳካሪን ጠርሙስ ክዳን ገና እንደታሸገ ነበር።

«የአዳራሹ በር ተዘግቷል፣ ውሳኔው ሳይነበብ ማንም አይወጣም ተብሏል። ምሳ ሰዓት አለፈ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ነኝ። ላብ ሲያጠምቀው አይቼ ልነሳ ስል ወረቀቱን አውጥቶ ቃመና በእጁ ተቀመጪ አለኝ። ጋሽ ላጲሶ አጠገቡ ነበሩ፤ ትከሻውን ይዘው ‹ስኳሩን ወስዷል፣ አሁን ይለቀዋል› አሉ። ጠበቅን። መፈክር ሲባል እኔም እጄን አነሳሁ። እሱ አንገቱን አዘንብሎ ነበር።»

የላጲሶ ሱቅ ከቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነው። አጠገቡ በቀበሌው ማኅተም የታሸገ የጸሎት ቤት አለ፤ የማኅተሙ ወረቀት በዝናብ ነጥቷል።

«የአገሬ ልጅ መኮንን ሆኖ መጣ» አሉ ሽማግሌው። «ምን ልስጥህ? ስኳር እንዳትለኝ፣ ስኳር ያለኝ ደሜ ውስጥ ብቻ ነው።»

«ለውዝ ይስጡኝ።»

ላጲሶ እጃቸውን ሳያዩ ጋዜጣ ቀደዱ፣ እንደ ቀንድ ጠቀለሉ፣ ለውዙን ሞልተው አፉን ወደ ውስጥ ወተፉት።

«እዚያ ማን ይጸልይ ነበር?» አለ ኤርሳዶ ወደ ታሸገው በር እያየ።

«ልጄ ማቴዎስ። ከዚያ ወሰዱት።»

«ማን ጠቆመው?»

«ሰው» አሉ ላጲሶ፣ ሚዛኑን እየጠረጉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐዱሽ፣ አስመረት፣ ላጲሶና ሌሎቹ በሽተኞች በትበርህ በረንዳ ተሰበሰቡ። ኤርሳዶ ሦስት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ይህ የሲስተር ነው፤ እጥፋቱ ጠፍጣፋ። ይህ ከግርማይ እጅ የወጣው ነው፤ እጥፋቱ እንደ ቀንድ ተጠቅልሎ ነበር። ይህን ደግሞ ዛሬ ለውዝ ገዛሁበት።»

«ባለሱቅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠቀልለው» አለ ሐዱሽ።

«ልክ ነው። ግን ሲስተር እንደነገሩኝ፣ ባለሱቅ ሁሉ ዛሬ ጠዋት ኮቱን ከግርማይ ኮት ጋር እዚህ ምስማር ላይ አልሰቀለም። ያ ሰው በግርማይ ኮት ኪስ ውስጥ የነበረውን እሽግ ለወጠ። ከስብሰባ ማንም እንደማይወጣ ያውቅ ነበር። አፉን ከጣፈጠው ግርማይ ዳንኩ ብሎ እንደሚቀመጥ፣ ሌላውም ዝም እንደሚል ያውቅ ነበር፤ ይህን ሁሉ እዚህ ተምሯል። ጋሽ ላጲሶ፣ ኪስዎን ያሳዩን።»

ሽማግሌው ከኮታቸው ሁለት ጠፍጣፋ እሽጎች አወጡ።

«ሲስተር የሰጡዎት አንድ ነው። ሁለተኛው የሟቹ ነው። ለምን አልጣሉትም?»

«ስኳር ይጣላል?» አሉ ላጲሶ።

እሽጎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ግርማይ ባለፈው መርፌ ሲለማመድ እጁ ተንቀጠቀጠ» ቀጠሉ። «‹እኔ ደም ማየት አልችልም› አለ። ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ማቴዎስን ለጥበቃ በጣቱ ያሳየው እሱ ነበር፣ ያኔ አልተንቀጠቀጠም። አዳራሹ ውስጥ ስኳሩ ኪሴ ነበር። እጄን አስገባሁ። ባዶ እጄን መልሼ አወጣሁ።»

«ይለቀዋል ያሉት እኔን እያዩ ነበር» አለች አስመረት።

«አዎ።»

ኤርሳዶ ወደ ሐዱሽ ዞረ። «የአዳራሹን በር ያስዘጋው ማን ነበር?»

ሐዱሽ በር ላይ የቆሙትን ጥበቃዎች በአገጩ ጠራ።

ላጲሶን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ትበርህ አንዱን እሽግ አንስታ የሽማግሌው ደረት ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«እዚያ ምሳ ይዘገያል» አለች። «መድኃኒትዎን ነገ አመጣለሁ። ምግብ ካልመጣ እንዳይወጉ።»

ላጲሶ ሊያዩዋት አልቻሉም።

በሩ ተዘጋ። ትበርህ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ገባች። ስሪንጁ ጨርቁ ላይ ደርቋል። ገፊውን አስገባች፣ በብረት ማኅደሩ ውስጥ አጋደመችው፣ ክዳኑን ገጥማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።