ደባርቅ ላይ ውሃ ሲፈላ

የሳይንስ መምህሩ የአቶ ላቀው ሬሳ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ተገኘ። ዘመኑ 1973፣ ወሩ የካቲት ነበር። ሰኞ ጠዋት ፖሊሱ አምሳ አለቃ ደምለው ከጎንደር ተጠርቶ መጣና ሬሳውን አገላበጠ። የኮቱ የውስጥ ኪስ ተቦጭቋል፤ በጎን ኪሱ የተማሪ በለጠች ደብተር አለ።

ለልጅቱ ጣጣ የሆነባት ይኸው ደብተር ነው። ከምጽዋ የመጣ የባሕር ውሃ ሙቀት ቁጥር ሞልቶበታል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጓድ ያርጋል ደግሞ «የወንበዴ ምስጢር ነው» ብሎ ባለፈው ሳምንት ለአውራጃው አመልክቷል። ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ሊወስዳት ነው። በዚያ ዘመን ተወስዶ የተመለሰ ስንቱ ነው!

«ልጄ፣ ይኸ ቁጥር ምንድን ነው?» አላት ደምለው።

«ትምህርት ነው ጌታዬ። ቲቸር ላቀው እንድንመረምረው ያስመጡት ነው። 'ቁጥር ከማመናችሁ በፊት የለካውን መሣሪያ ፈትኑ' ስለሚሉን፣ የኛን ቴርሞሜትር በየጠዋቱ በፈላ ውሃ እንፈትናለን።»

«ቅዳሜ አብረሻቸው ታይተሻል።»

«እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ወደ ሊማሊሞ ሲሄዱ አግኝቼ ደብተሬን እንዲያርሙልኝ ሰጠኋቸው። 'ቁጥሩ ምስጢር አለመሆኑን የወደቡ ሰዎች ጽፈውልኛል፤ ሰኞ ለአውራጃው አሳያለሁ' ብለው የኮታቸውን የውስጥ ኪስ መታ መታ አደረጉ። እኔ ተመለስኩ። ምስክር ግን የለኝም።» እንባዋ መጣ።

ደምለው ደብተሩን ገለጠ። የፈላ ውሃ፦ ዘጠና አንድ፣ ዘጠና፣ ዘጠና አንድ። ከግርጌው በቀይ ቀለም «ያየሽውን ጻፊ፤ መጽሐፍ ያለውን አይደለም» ይላል።

ገበያተኞች ከገደሉ ጩኸት የሰሙት ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ዋሴ አብሯቸው ነበር። ያርጋልስ?

«ላቦራቶሪ ሆኜ ቴርሞሜትሩን ስፈትን ነበር» አለ ያርጋል መዝገቡን እየገፋለት። «ሰዓቱም ቁጥሩም ተጽፏል።»

እውነትም ተጽፏል፦ ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት፣ መቶ። ደምለው አንብቦ ጢሙን ዳሰሰ። አይ ደምለው! ሲደሰትም ሲናደድም አያስታውቅበትም።

ሦስቱንም ላቦራቶሪ ሰበሰባቸው። መኪናው ደጅ ቆሟል።

«በለጠች፣ ውሃ አፍይ።»

ቡታጋዙን ለኮሰች። ውሃው ተንተከተከ።

«ጋሽ ዋሴ፣ ያንብቡልን።»

ዋሴ በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠረው፤ ጎንበስ ብሎ አየ። «ዘጠና አንድ!»

ያርጋል ሳቀ። «ውሃ በመቶ እንደሚፈላ ሕፃን ያውቀዋል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል።»

«ይሁንልዎ። ከተበላሸ፣ ቅዳሜ መቶን ከየት አገኙት?»

ያርጋል መዝገቡን ከደነው።

«መቶ የሚሆነው ምጽዋ፣ ባሕሩ ዳር ነው» አለች በለጠች ቀስ ብላ። «እዚህ ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቀድሞ ይፈላል።»

«ስለዚህ ጓድ ያርጋል ውሃም አላፈሉ፤ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ገለበጡት። እዚህም አልነበሩም። ያ የወደቡ ሰዎች ደብዳቤ አውራጃ ቢደርስ በሐሰት መክሰስዎ ይታወቅ ነበር። የላቀውን ኪስ የቦጨቀው ማን ነው?»

«ስጠኝ ነው ያልኩት!» ብሎ ጮኸ ያርጋል። «እንቢ አለኝ... ተጓተትን... እግሩ ከገደሉ አፋፍ...»

በለጠችን ሊወስድ የመጣው መኪና ያርጋልን ጭኖ ሄደ። እሷ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ መዝገቡን ሳበችና ከቅዳሜው መቶ ሥር የዕለቱን ቀን ጻፈች። ከጎኑም ያየችውን፦ ዘጠና አንድ።