የዲሪርሳ ጥማት

ዲሪርሳ ውሃ እየለመነ ሞተ። ሰበታ ዳር ባለው ቤቱ ኢንስፔክተር ብርሃነሽ ሬሳውን ስታየው ጭንቅላቱ በሻሽ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሚስቱ ላሊሴ «ቢሻን! ቢሻን!» እያለ ውሃ የለመነበት ጩኸቱ አሁንም ከግድግዳው ይሰማኛል ብላ በሩን አልፋ አልገባችም።

መንደሩ ገዳዩን አግኝቷል፦ ታመነ፣ ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራው ተከራይ። በመስኮት ውሃ ሲያቀብል ታየ፤ በቃ፣ መርዝ ነው ተባለ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ አገር ባናወጠበት ሰሞን መጤን መወንጀል ምን ይከብዳል! የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ቤት እንኳ ሳይገባ፣ ከግቢው ቆሞ ታመነን በካቴና አሰረው።

«ምን አጠጣኸው?» አለችው ብርሃነሽ።

«የቧንቧ ውሃ፣ እመቤቴ። ጀሪካን ሙሉ ይጨርሳል! አከራዬ ሰው ነው ወይስ ግመል ብዬ ነበር።»

«ለምን ተውከው?»

«የሟቹ ወንድም ኦቦ ዱቤ መስኮቱን በሚስማር መቱት።»

ብርሃነሽ ፍራሹን ዳሰሰች። ርሷል፤ ቀለምም ሽታም የለው።

«ውሃ ፈሶበት ነው?»

«ሽንቱ ነው» አለች ላሊሴ ከደጅ ሆና፣ አፍራ። «ሰልፉ ላይ ከተመታ ወዲህ አላቋረጠም።»

ብርሃነሽ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«የተጠማ ሰው ሽንቱ ያንሳል፣ ይጠቁራል። ይኼ ግን ደርቆ እየሞተም እንደ ምንጭ ይፈሳል። የሰው አንጎል ደሙ ውሃ ሲያንሰው ያውቃል። ‹ጠጣ› ይላል፤ ኩላሊትንም ‹ውሃውን ያዝ› ብሎ ያዛል። የዲሪርሳን ሁለተኛ ትእዛዝ ሰልፉ ላይ ያረፈበት ምት ቆረጠው። የጠጣው ሁሉ ወጣ። ታመነ መርዝ ሰጥቶት ቢሆን ሲጠጣ በሞተ ነበር። የሞተው ሲከለከል ነው። በሕይወት ያቆየው ታመነ ነው።»

ኦቦ ዱቤ ወደ ብርሃነሽ ቀረቡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የቆሰለ ሰው ውሃ ከጠጣ ይሞታል ሲባል ነው ያደግነው! ወንድሜን ላድነው ብዬ…»

«አውቃለሁ፣ አባቴ። እርስዎ በፍቅር ተሳሳቱ። የመታው ግን አልተሳሳተም።»

«እንዴ!» አለ አዛዡ በንዴት። «ከግራ ጆሮው ኋላ ያረፈች አንዲት ዱላ ሰው ትገድላለች? ቀልደኛ!»



«አዛዥ፣ ሬሳውን አላዩትም» አለች ብርሃነሽ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ቁስሉ ከሻሹ ስር ነው። የት እንደተመታ ደግሞ እስካሁን ማንም አልተናገረም።»

ላሊሴ ቀና ብላ አዛዡን አየችው፤ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ታመነን ይፍቱት» አለች ብርሃነሽ።

አዛዡ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደበት።