ሰማያዊው ሳህን

ኢንስፔክተር ጆስሊን ዲሪን ስትደርስ፣ ኔቪል ጋሩድ በአውስትራሊያዋ ከተማ በሆባርት ወደብ አጠገብ ባለችው ትንሽ ምግብ ቤት ወለል ላይ የጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከኪሱ የወጣው ማስታወሻ ደብተር ላይ «መኪና የማያስፈልጋቸው፣ ምግባቸው የሚጣፍጥ፣ ብርሃናቸው የማይሰስት» ከሚለው አርእስት ሥር የከተሞች ስም ተደርድሯል። ሆባርት ላይ ምልክት አድርጎባታል። ዌሊንግተን ምልክቷን ስትጠብቅ ቀርታለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ እየጻፈ፣ ሚስቱ ኮራል ፎቶ እያነሳች፣ ጓደኛቸው ሬክስ እያሳተመ፣ ለአጭር እረፍት የሚሆኑ በእግር የሚዳረሱ ከተሞችን ሲመርጡ ኖረዋል። የገደለው አንድ ጉርሻ የባሕር ዛጎል ሥጋ ነው። ዛጎል ከልጅነቱ ጀምሮ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ያዘዘው ግን በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር የእንጉዳይ ፓይ ነበር፤ የዛጎሉን ፓይ ያዘዘችው ኮራል ናት።

«ይቺ ናት የገደለችው!» አለች ኮራል፣ የቤቱን ባለቤትና ጋጋሪ ታምሲንን እየጠቆመች። «ዛጎል እንደማይነካ ሦስቴ ነግሬያታለሁ። ሦስቴ!»

«በነጭ ሳህን እንጉዳይ፣ በሰማያዊ ዛጎል» አለች ታምሲን። «እናቴ ካስተማረችኝ ጀምሮ ተሳስቼ አላውቅም። ነጩን እሳቸው ፊት ያስቀመጥኩት በገዛ እጄ ነው።»

«ነጩ ላይ የተገኘው ግን ዛጎል ነው» አለች ዲሪን።

የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ። ምግብ ቤቷ ሊታሸግ ነው፤ እሷም ሳይመሽ ልትታሰር ትችላለች።

ሬክስ በሩ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል።

«ልታመጣለት የሮጥከው መድኃኒት ሆቴል ነበር» አለችው ዲሪን። «ደርሶ መልሱ አሥር ደቂቃ ነው ተብሏል። አንተ ሃያ ፈጀብህ።»

«አሥር ያለው ኔቪል ነው። ‹እዚህ ከተማ ሁሉ ነገር ቅርብ ነው፤ መርፌውን ለምን እሸከማለሁ?› አለ። የለካው እኮ ቁልቁል ሲወርድ ነው! እኔ ያን ሁሉ ደረጃ ሽቅብ፣ በዚህ ቦርጭ...»

ዲሪን ደረጃውን ራሷ ወጥታ ወረደች። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ሬክስ አልዋሸም።

«ከመብላታችሁ በፊት ፎቶ አንስተዋል?» ስትል ኮራልን ጠየቀቻት።

«ሁልጊዜ። እኔ ሳላነሳ ማንም ሹካ አይነካም።» ኮራል በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «‹ካገባሁሽ ወዲህ ትኩስ ምግብ በልቼ አላውቅም› እያለ ያሾፍብኝ ነበር።»

ዲሪን ፎቶውን አጉልታ ረጅም ጊዜ አየችው። ሌላ መልስ ፈለገች፤ አጣች። ከዚያ ሦስቱንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ነጩ ሳህን ላይ ያለው ፓይ አናቱ ላይ ሦስት ስንጥቅ አለው። ታምሲን?»

«የዛጎሉ ነው። የእንጉዳዩን አንዴ ብቻ ነው የምሰነጥቀው።»

«አላልኳችሁም!» አለች ኮራል።

«ሰማያዊውንም ይመልከቱ። ከእንጉዳዩ ፓይ ሥር ቢጫ መረቅ አለ። እርድ የሚገባው ዛጎሉ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛጎሉ ከኩሽና የወጣው በሰማያዊው ሳህን ነው፤ ታምሲን አልተሳሳተችም። ፓዮቹ የተቀያየሩት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት። ሬክስ፣ ያኔ የት ነበርክ?»

«ባንኮኒው ጋ። መጠጥ ላመጣ...» ሬክስ ድንገት አንገቱን ደፋ።

ዲሪን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዛጎሉ ፓይ ቅርፊት ጠቆር ያለ ነው። ፎቶ ላይ በነጭ ሳህን ጎልቶ ይወጣል፤ አይደል፣ ወይዘሮ ኮራል?»

ኮራል እጆቿን የሌላ ሰው እጆች ይመስል አየቻቸው።

«ሁሌ ሳህናቸውን እቀያይራለሁ» አለች። «ለፎቶው። ሁሌ ደግሞ ከመብላቱ በፊት እመልሳለሁ።»

ታምሲን ወንበሯን ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«‹ዛሬ እንኳ በትኩሱ ልብላ፣ ኮራልዬ› አለኝ» አለች ኮራል። «ቸኮልኩለት።»